ለእማዬ የማይነበበው ወረቀት

ጥር 14 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷን ብቻ ያማታል። ስልክ ስላላነሳሁ ተቀይመሽ ከሆነ ይቅርታ፣ ከእንግዲህም አላነሳም። ባለፈው በስልክ ስንጯጯህ እማዬ በር ላይ ቆማ ሰምታን ኖሮ፣ “ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ዕቃ አትነጋገሩም። መጣላት ካማራችሁ ወረቀት ላይ ተጣሉ፤ ወረቀት አይጮህም። ለእኔም ይነበብልኛል” ብላ ፈረደች። እሷ ከፈረደች ይግባኝ እንደሌለ ታውቂያለሽ።

ስለዚህ እንዲህ እናድርግ። እማዬ የምትሰማውን በትልቁ ወረቀት እንጽፋለን፤ የማትሰማውን በትንሹ። ትልቁን ጮክ ብዬ አነብላታለሁ፣ ትንሹን ኪሴ እከታለሁ። አሁን የያዝሽው ትንሹ ነው። ትልቁ ፖስታው ውስጥ አለ፣ ሰላምታ ብቻ ነው።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። አዎ፣ እውነት ነው። ጎረቤታችን ነርሷ አላጋነነችም። የእማዬ ጉድጓድ ውሃ ቢጫ ሆኗል። ሻይ ቅጠል ሳይገባበት ሻይ ይመስላል። መጀመሪያ “ቅጠል ቆጠብኩ” ብላ ስቃበት ነበር። አሁን አትስቅም። የጎመኗም ጫፍ ጫፉ እሳት እንደነካው ሆኗል።

ከየት መጣ ለሚለውማ፣ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። አባዬ ብረት በክሮም እየለበጠ የሚያብረቀርቅበት መለበጫ ቤት ከላይ፣ የእማዬ ግቢ ከታች። አባዬ የብስክሌት መሪና የአልጋ እግር እየለበጠ የሚደፋው ውሃ ጥቂት ባልዲ ነበር። እኔ ቧንቧ ጨመርኩ፣ የወንበር እግር ጨመርኩ፣ ሠራተኛ ጨመርኩ። ከክሮም ገንዳ የወጣ ብረት ሁሉ መለቅለቅ አለበት። የተለቀለቀበት ቢጫ ውሃ ደግሞ በቦዩ አድርጎ በእማዬ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው።

“እኔ ጋ ነይና ኑሪ” ብዬ ለምኛታለሁ። “ይቺን ጉድጓድ አባትህ በእጁ ቆፍሮልኛል፤ እሷን ትቼ የትም አልሄድም። ከእሷ የነጠላችሁኝ ቀን ቀበራችሁኝ ማለት ነው” አለች። አንቺ እዚያ ትልቅ ፋብሪካ ውስጥ ቆሻሻ ውሃ ስታጣሪ አይደል የምትውይው? በይ ለእኔም ንገሪኝ። ጉድጓዷን እናድንላት።

ወንድምሽ፣
ሰፈሩ በሙሉ “ኒኬል” የሚለው

የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለኒኬል፣

ሰላም ነህ ወይ? ይህ ትንሹ ወረቀት ነው። ኪስህ ክተተው ግን ከሸሚዙ ጋር አጥበህ እንዳትጨርሰው።

“ለእኔ ዓይነቱ ትንሽ ሰው ይቻላል ወይ?” ላልከኝ፣ ይቻላል። የሚፈልገው ትዕግሥት ነው፤ አንተና ትዕግሥት ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ እንደማትነጋገሩ አውቃለሁ። ቢሆንም ስማኝ። የማለቅለቂያውን ውሃ ወደ ቦይ መልቀቅ ዛሬውኑ አቁም። በርሜል ውስጥ ሰብስበው። አሲድ ጠብ አድርግበትና በጥቅል የላኩልህን ነጭ ዱቄት ጨምር። ክብሪት እንደጫሩ ይሸታል፤ አፍንጫህን ሸፍን። ቢጫው ቀስ እያለ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። አደራህን፣ ቢጫ የሚባል ነገር ከውስጡ እስኪጠፋ ድረስ አትነካካው። ሰውን የሚጎዳው፣ አንጀት ገብቶ ኩላሊት የሚበላው ቢጫው ነው። ከዚያ ኖራ ታደርግበታለህ። አረንጓዴው እንደ እርጎ ይረጋና ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የጠራ ውሃ ይቀራል። የጠራው ይሂድ።

ሥሩ ላይ የሚቀረው ጭቃ ነው ጉዱ። ከውሃው ያወጣኸው በሙሉ እሱ ውስጥ አለ። ተሰበሰበ እንጂ አልጠፋም፤ ይህን በደንብ ያዝልኝ። በጆንያ ሞልተህ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ጣሪያ ሥር፣ ዝናብ የማያገኘው ቦታ አስቀምጠው። አደገኛ ቆሻሻ የሚያነሳ ድርጅት አለ፣ መጥቶ ይወስደዋል። የእኛን በየሳምንቱ ይወስዳል።

ለእማዬ በትልቁ ወረቀት የጻፍኩትን ስታነብ “አላገባሁም” የሚለውን አትዝለል። ከሌላ ሰው ብትሰማው ይብሳል።

እህትህ

ሚያዝያ 20 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣ ለባለሙያዋ፣ ለጉድጓድ አዳኟ!

እንደምን አለሽልኝ? ዛሬ ትንሹም ትልቁም ወረቀት አንድ ነው፤ እማዬ ሁሉንም ትስማው። መጥተሽ ብታዪ ያምርሽ ነበር። በርሜሎቹን በተርታ አቁሜያቸዋለሁ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ “ኒኬል ጠላ ሊጠምቅ ነው” እያሉ ሲያላግጡ ነበር። ቢጫው ዓይናቸው እያየ አረንጓዴ ሲሆን ግን አፋቸውን ያዙ። ከላይ የሚቀረው ውሃ መስታወት ነው።

የጠየቅሽኝ የአካባቢ ጥበቃ ተቆጣጣሪ መጥቶ ነበር። በብርጭቆ ቀዳ፣ ወደ ፀሐይ አነሳ፣ መመርመሪያ ወረቀቱን ነከረ፣ ራሱን ነቀነቀ። “ከትልልቆቹ ፋብሪካዎች ይሻላል” ብሎኝ ሄደ። የእማዬ ጉድጓድም ቀስ በቀስ እየጠራ ነው። ትናንት ሻይ አፍልታ “ዛሬ ቅጠል ገባበት” አለችኝ። ታውቂያታለሽ፣ መሐላ የሌለው ወሬ ለእሷ ጨው የሌለው ሾርባ ነው። ስለዚህ አጠገቤ ሆና “ማልላት” እያለችኝ ነው፦ እማዬ ትሙት፣ ውሃው ጠርቷል!

ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ። ለአዲሱ ሆስፒታል አልጋዎች እንድንለብጥ ተመርጠናል። አባዬ ቢኖር በእግሩ አይሄድም ነበር፣ ይዘል ነበር እንጂ።

ስለ ጆንያዎቹ የጠየቅሽኝ ትንሽ አስቸግሮኛል። ድርጅቱ ጋ ደወልኩ። “ሙሉ መኪና ካልሆነ አንንቀሳቀስም” አሉኝ። የእኔ ጭቃ ሙሉ መኪና እስኪሆን የልጅ ልጅ አያለሁ። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። የቆሻሻ መጣያው ኃላፊ “ይሄ የፋብሪካ ነው፣ አልቀበልም” አለኝ።

“እኔ ፋብሪካ ነኝ እንዴ?” አልኩት።

“አይደለህም” አለኝ።

“ታዲያ የሰፈር ቆሻሻ ነው ብለህ ተቀበለኛ።”

“የፋብሪካ ነው አልኩህ እኮ!”

ተቆጣጣሪውን ብጠይቀው ደግሞ “የእኔ ሥራ ውሃው ነው፤ ጭቃው የሌላ ክፍል ነው” አለ። የትኛው ክፍል እንደሆነ እሱም አያውቅም። ግድ የለም፣ ለጊዜው ዕቃ ቤት ደርድሬዋለሁ።

ወንድምሽ

ግንቦት 18 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

ትልቁን ወረቀት ለእማዬ አንብብላት። በደስታ አልቅሻለሁ ያልኳት እውነቴን ነው። ይህን ትንሹን ግን ለብቻህ አንብበው።

በመጨረሻው ደብዳቤህ “ተንኮለኛ ሆነሽብኛል፣ ደስታዬን አትካፈይም” ብለህ የጻፍከው ሆዴን በላው። እካፈላለሁ፣ ወንድሜ። እዚህ ለማያውቁህ ሰዎች ሁሉ “ወንድሜ በበርሜል ያደረገውን እኛ በሕንፃ አቃተን” እያልኩ ነው የምውለው። ግን ሦስት ጊዜ የጠየቅኩህን ሦስት ጊዜ ዘልለኸዋል። ጆንያዎቹ ስንት ደረሱ አላልኩህም፤ የት ናቸው ነው ያልኩህ። ክረምት እየመጣ ነው። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ አባዬ እያለም ያፈስ ነበር።

የእኛን ፋብሪካ ጭቃ የሚወስደውን ሾፌር ለምኜው ነበር። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን “አለቆቼ ውል ከሌለው ሰው አንዲት ጆንያ ብጭን ከሥራ ያባርሩኛል” አለኝ። መኪናው ግማሹ ባዶ ሆኖ ከግቢያችን ሲወጣ በየሳምንቱ አያለሁ። ለትንሽ ሰው ግማሽ መኪና የለም። ስለዚህ እዚያው ሰፈር ባትሪ ከሚያድሰው ሰውዬና ከቆዳ አልፊዎቹ ጋር ተነጋገሩና አንድ ላይ አንድ መኪና ሙሉ። ሌላ መንገድ አይታየኝም።

ሁለተኛው፣ በዚያው ደብዳቤ “ጠዋት ዱቄት ጨምረን ቀትር ላይ እንለቃለን” ያልከው አሳስቦኛል። ቀትር ላይ በእርግጥ ቢጫው ጠፍቶ ነው? ወይስ የሆስፒታሉ አልጋ አስቸኩሏችሁ? ቢጫው ሳይለወጥ ኖራ ካደረግክበት ከጭቃው ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲያገኘው ደግሞ ይወጣል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ አንተ ደግሞ ብታፈስ የሚለቀም አይደለም።

መልስልኝ። ቁጣ አይደለም፣ ስጋት ነው።

እህትህ

ሐምሌ 8 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? ዛሬ ትንሽ ወረቀት የለም። እማዬ አጠገቤ ተቀምጣለች፤ “የምልህን ሳትቆርጥ ጻፍ፣ ከዚያ መልሰህ ታነብልኛለህ” ብላኛለች። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው የእሷ አፍ ነው።

“ልጄ፣ የዓይኔ ማረፊያ፣ እንዴት ነሽልኝ? ስለ ባል የጠየቅኩሽን ዘልለሽ ስለ ጉልበቴ ጠየቅሽኝ። ጉልበቴ ባል አያመጣልሽም። እሱን አልረሳሁትም።

አሁን የምሥራቼን ስሚ። ግቢዬን ብታዪው አታውቂውም። በየክረምቱ ውሃ እስከ አልጋዬ እግር ሲገባ የኖረ ቤት አሁን ደረቅ ነው። ወንድምሽ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ በጋሪ አፈር እያመላለሰ ከጉድጓዷ አፋፍ እስከ አጥሩ ድረስ ከፍ አደረገልኝ። አፈሩ እንዴት ያለ መሰለሽ! አረንጓዴ ነው፣ እንደ ሊጥ የሚለሰልስ። እኔም ዝም አላልኩም፤ ጫማዬን አውልቄ በእግሬ ረገጥኩት፣ በእጄ ደለደልኩት። ጎመን ተክዬበታለሁ፣ እስካሁን አልያዘልኝም፣ አፈሩ አዲስ ስለሆነበት ነው። አባትሽ ቆፈረልኝ፣ ልጄ ደለደለልኝ። የማን እናት እንዲህ ታድላለች?

ውሃዬ እንደገና ትንሽ ቀለም ይዛለች፣ መረርም ትላለች። ክረምት ነው፣ ይጠራል። እጄንም ያሳክከኛል፤ እሱ እርጅና ነው። ነርሷ ቅባት ሰጥታኛለች። በይ ደህና ሁኚልኝ፣ ሳልሞት ነይ።”

እዚህ ላይ አበቃች። የጆንያዎቹን ነገር ከእንግዲህ አታስቢ፤ ቦታ አግኝቼላቸዋለሁ። የሆስፒታሉን አልጋዎችም አስረክበናል።

ወንድምሽ

ሐምሌ 23 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታ ይቆየን። ይህ ሁሉ ትንሽ ወረቀት ነው። ደብዳቤህን አንብቤ ሳልጨርስ ደወልኩ፤ አላነሳህም። መልሼ መልሼ ደወልኩ። በመጨረሻ ነርሷን አግኝቼ እማዬ ከዚያ ጉድጓድ ጠብታ እንዳትቀምስ፣ ከሌላ ቦታ ውሃ እንድታመጣላት ለምኛታለሁ። ይህ እስኪደርስህ ነርሷ ትጠብቃታለች።

አረንጓዴ አፈር። እንደ ሊጥ የሚለሰልስ። በባዶ እግሯ የረገጠችው።

የት አገኘሁላቸው ያልከው ቦታ ይኸው ነው? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር። አንተ በጋሪ ጭነህ አደረግከው። በአጥሯ ሥር ሲያልፍ የነበረውን መርዝ ሰብስበህ፣ አጥልለህ፣ አድርቀህ ጉድጓዷ አፋፍ ላይ ከመርከው! ውሃው ቢሆን እኮ አልፎ ይሄድ ነበር። ጭቃው የትም አይሄድም። በዘነበ ቁጥር እየታጠበ ወደ ባልዲዋ ይገባል።

“ተሰበሰበ እንጂ አልጠፋም” ብዬህ አልነበረም? “እማዬ ትሙት፣ ውሃው ጠርቷል” ብለህ የማልክበት ደብዳቤ አሁን እጄ ላይ ነው። ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ዛሬ ቆፍረህ ማውጣት ጀምር። አፍና አፍንጫህን ሸፍን፣ ጓንት አድርግ። እሷን ሆስፒታል ውሰዳት፤ ደምና ሽንቷን ይዩላት፣ የክሮም መርዝ እንደሆነም ንገራቸው። አፍረህ እንዳትደብቃቸው። ካፈርክ ትሞትብናለች።

እህትህ

ነሐሴ 19 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ከርመሻል? ሰላምታ ካላስቀየመሽ።

“ኩላሊቷ ነው ወይ?” ብለሽ ለላክሽው አጭር ደብዳቤ አጭር መልስ፦ አዎ፣ ኩላሊቷ ነው። ሆስፒታል ተኝታለች። ነግሬያቸዋለሁ፣ አልደበቅኩም። ሐኪሙ “መርዙ የት ነው ያገኛት?” አለኝ። “ግቢዋ ውስጥ” አልኩት። “ማን አመጣው?” አለኝ። እሱንም ነገርኩት። ከዚያ በኋላ ከእኔ ጋር ሲነጋገር ወረቀቱን እንጂ እኔን አያይም።

አሁን ደግሞ እኔ ልናገር፣ አንቺም ስሚ። እዚያ ሆነሽ “ጣሪያ ሥር አድርገው” ትያለሽ። ለአፍ ዳገት የለውም። የትኛው ጣሪያ? ጆንያው ዕቃ ቤቱን ሞልቶ ሠራተኞች ልብስ የሚቀይሩበት ገባ፤ ከዚያ እኔ የምተኛበት ክፍል ገባ። ባትሪ አዳሹን አነጋገርኩት፤ “እኔ ቦይ አለኝ፣ መኪና ምን ያደርግልኛል?” ብሎ ሳቀብኝ። ሰኔ ገባ፣ ጣሪያው አፈሰሰ፣ ጆንያው ረጠበ፣ ያ ሁሉ የለፋሁበት ነገር ተመልሶ ወደ ቦዩ ይንጠባጠብ ጀመር። በዚያው ሰሞን እማዬ ቤት ውሃ ገባ። ፍራሿን ጠረጴዛ ላይ አውጥታ ቁጭ ብላ አገኘኋት። “አፈር አምጣልኝ፣ ግቢዬን ልሙላው” አለችኝ። እኔ አፈር ነበረኝ።

ክፉ ነገር እንደሆነ አላውቅም ነበር አልልሽም። ግን ታክሞ የዳነ መስሎኝ ነበር። ቢጫው የለም፣ አይሸትም፣ ደርቋል፤ ተቆጣጣሪው እንኳ አልነካውም። ከላዩ ቀይ አፈር አለብሰዋለሁ ብዬ ነበር፤ እሷ ቀድማኝ በእግሯ ገባችበት። ስለ ቢጫውም እውነትሽን ነው። የአልጋው ሥራ ሲያጣድፈን ብዙ ጊዜ ሳይለወጥ ኖራ አድርገንበታል። ለሆስፒታሉ ነበር የቸኮልኩት። ትናንት እማዬ የተኛችበትን አልጋ ጎንበስ ብዬ እግሩን አየሁት። የእኔ እጅ ሥራ ነው። ያበራል። ፊቴን አየሁበት።

እማዬ ያንን ደብዳቤ ስታስጽፈኝ “አረንጓዴ ነው” ስትል እጄ ቆሞ ነበር፤ ልዘለው አስቤ ነበር። ዓይኗ እጄ ላይ ነው፣ መልሼ እንደማነብላትም ታውቃለች። ይሁን ብዬ ጻፍኩት። ምናልባትም እንድታውቂብኝ ፈልጌ ይሆናል፤ ብቻዬን መያዝ ከብዶኝ ነበር።

ሆስፒታል ሳትገባ በፊት መቆፈር ስጀምር ምርኩዟን ይዛ መጣች። “አብደሃል? ያማረ ግቢዬን ለምን ታፈርሳለህ?” ብላ ጋሪው ላይ ተቀመጠችበት። ምክንያቱን መንገር አልቻልኩም። “የተሻለ አፈር ላመጣልሽ ነው” አልኳት። “ከዚህ የተሻለ አፈር የት አለ?” አለችኝ።

ነይና ውሰጃት። እዚህ ያለው ሆስፒታል ከዚህ በላይ አልችልም ብሏል።

ወንድምሽ

ጥቅምት 22 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ሰንብተሃል? “ስለ እኔ ምን ትላለች?” ብለህ ለጠየቅከኝ ቆይቼ የመለስኩት እንዴት ብዬ እንደምጽፈው ስለጠፋኝ ነው።

እማዬ በሕይወት አለች። ወደዚህ ካመጣኋት ጀምሮ እየተመላለስን ደሟ በማሽን ይታጠባል። ሐኪሟ ወደ ቢሮዋ ጠርታኝ ከማሽኑ ራቅ ብላ መኖር እንደማትችል ነግራኛለች። ማሽኑ ደግሞ እናንተ ጋ የለም። ከእኔ ቤት ወደዚያ ጉድጓድ የሚወስድ መንገድ የላትም ማለት ነው። ለእሷ “ጉልበትሽን እያከሙልሽ ነው” ብያታለሁ። “ጉልበትን በክንድ በኩል ነው የሚያክሙት?” ብላ ጠየቀችኝና መልሴን ሳትጠብቅ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

የቧንቧዬን ውሃ “መድኃኒት መድኃኒት ይላል” ብላ አትወደውም። የምትጠጣው በልክ ነው ተብሏል፤ ጥም ያንገበግባታል። በጠማት ቁጥር የምታነሳው ያቺን ጉድጓድ ነው። ክረምት ላይ እንዴት እንደምትቀዘቅዝ፣ አባዬ ውሃው ሲፈልቅለት እንዴት እንደጮኸ። የማዳምጣት አፌን በእጄ ይዤ ነው።

ስለ አንተ የምትለውን ልንገርህ። ማሽኑ ላይ አብረዋት ለሚተኙት ሴቶች በየተራ ትነግራቸዋለች። “የእናንተ ልጆች ምን አደረጉላችሁ? የእኔ ልጅ ግቢዬን በጋሪ ደለደለልኝ፣ ቤቴ ውሃ መግባት ቀረ” ትላቸዋለች። አንዷ “ታድለሽ” አለቻት። እኔ ወጥቼ ኮሪደር ላይ ቆምኩ።

ተናድጄብህ ነበር፣ አሁንም ተናድጄብሃለሁ። ግን እዚያ ኮሪደር ላይ ቆሜ ግማሽ ባዶ ሆኖ ከግቢያችን የሚወጣውን መኪና አስቤ ነበር። አንተ ብቻ አይደለህም፤ ሁላችንም ጭቃው የሌላ ክፍል ነው ስንል ነበር።

አሁን አንድ ነገር እለምንሃለሁ። “ከልጄ ደብዳቤ አልመጣም ወይ?” እያለች ነው። ስለ ግቢዋና ስለ ጉድጓዷ ትልቅ ወረቀት ጻፍላት፣ አነብላታለሁ። ምን መጻፍ እንዳለብህ ታውቃለህ። መሐላም ይኑርበት። ያለ መሐላ አታምንም፤ ካላመነች ደግሞ ልሂድ ትላለች።

እህትህ

ኅዳር 9 ቀን

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን አለሽ? ይህ ትንሹ ወረቀት ነው። አንብበሽ ቅደጂው።

“መለበጫ ቤቱ ሥራ ጀመረ ወይ?” ላልሽኝ፣ ታሽጓል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያ ብርጭቆ ወደ ፀሐይ ያነሳው ተቆጣጣሪ ከሌሎች ጋር ሆኖ መጥቶ በሩ ላይ ወረቀት ለጠፈ። ከግቢዋ ቆፍሬ ያወጣሁትን ጭቃ መልሼ በጆንያ ሞልቼ እዚያው ደርድሬው ነበር፤ ከነጆንያው አሸጉት። “ይሄን ማን ይወስደዋል?” አልኳቸው። “ይጠናል” አሉኝ። ሠራተኞቹ ከእኛ በላይ ያለው ለባጭ ጋ ገብተዋል። እሱ በርሜል የለውም፣ ጆንያም የለውም። ዝናብ ጠብቆ ቢጫውን እንዳለ ወደ ቦዩ ይለቀዋል። ከግቢው ጭቃ አልተገኘበትምና አልታሸገበትም።

የእማዬ ቤት ባዶ ነው። ጉድጓዷን እኔው ራሴ በሲሚንቶ ደፈንኳት። ባልዲዋን ወደ ውስጥ ልጥለው ነበር፣ አልቻልኩም፤ እኔ ጋ አለ። ግቢው ጭቃውን ቆፍሬ ስላወጣሁ ከቀድሞው ይልቅ ጎድጉዷል። መስከረም ላይ የወረደው ዝናብ እስካሁን ተኝቶበታል።

መሐላውን ጻፍ ያልሽኝ ከሁሉ ከበደኝ። “እማዬ ትሙት” ብዬ የማልኩት የመጀመሪያው ምን እንዳመጣ አይተናል። ግን ይሁን፣ ጽፌዋለሁ። ስታነቢላት ድምፅሽ እንዳይሰበር፤ ቶሎ ትነቃለች። ትልቁ ወረቀት ከዚህ ቀጥሎ ያለው ነው።

ይድረስ ለውድ እናቴ፣

እንደምን ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እኔ በጣም ደህና ነኝ። ያንቺ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረኝ። ደብዳቤ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው። የአባዬ መለበጫ ቤት እንደምታውቂው ነው፣ ደንበኛ አያጣም።

ግቢሽ እንደደለደልነው አለ። ያን ሁሉ ዝናብ ሲያወርድ አንዲት ጠብታ ቤትሽ አልገባችም። ፍራሽሽ ደረቅ ነው። ጎመንሽ በመጨረሻ ያዘልሽ፤ ቅጠሉ ሰፍቶ ነርሷ “ስጠኝ” እያለች ታስቸግረኛለች፣ እማዬ ሳትመጣ አይነካም ብያታለሁ።

ስለ ጉድጓድሽ ጠይቀሽኝ ነበር። ዛሬ ጠዋት ከእሷ ቀዳሁ። ቀዝቃዛ ናት፣ አባዬ የቆፈራት ዕለት እንደነበረችው። በብርጭቆ አድርጌ ወደ ፀሐይ ባነሳት ማዶው ይታያል። ባልዲሽን አጥቤ ደፍቼዋለሁ፤ ስትመጪ የመጀመሪያውን ሻይ የማፈላልሽ እኔ ነኝ።

እታለም ይህን ስታነብልሽ “ይዋሻል፣ ማል በይው” እንደምትይ አውቃለሁ። ይኸው ማልኩልሽ እማዬ፦ ውሃሽ ጠርቷል፤ አንቺን ይንሳኝ።

ልጅሽ